«ማን ነው?» ከማለታችን በፊት

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ኮቪድ ጊዜ አንድ ነገር ተናገሪ» ሲለኝ መጀመሪያ የመለስኩት «ሰው እኮ ስለ ኮቪድ መስማት ሰልችቶታል» ብዬ ነው። እውነቴን ነው። ጭምብሉን፣ በየበሩ የተቀመጠውን የውሃ በርሜል፣ የክርን ሰላምታውን ሁላችንም ብንረሳው ደስ ይለናል። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ያልጨረስነው አንድ ሥራ አለ ብዬ ስለማምን መጣሁ። የማወራው ስለ ቫይረሱ አይደለም። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሰው በመድኃኒት ስህተት ሲጎዳ ወይም ለጥቂት ሲተርፍ፣ ነገሩ ስለተነገረበትና ስላልተነገረበት መንገድ ነው።

በመጽሐፍ ቋንቋ «የሕሙማን ደኅንነት ክስተት» ይባላል። በእኛ ቋንቋ የተሳሳተ መድኃኒት፣ የተሳሳተ መጠን፣ የተሳሳተ ሰዓት፣ የተሳሳተ ሰው ማለት ነው። ጉዳት ሳያደርስ የተያዘውን ደግሞ እኔ «ለጥቂት የተረፍንበት» እለዋለሁ። ዛሬ በተለይ አደራ የምላችሁ ስለዚህ ለጥቂት ስለተረፍንበት ነው። ጉዳት ስላልደረሰ ማንም አይጠይቅም፤ ማንም ስለማይጠይቅ ማንም አይጽፈውም፤ ስላልተጻፈም ሌላ ዋርድ ሄዶ ሰው ይጎዳል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ኮንሰርትና ኤግዚቢሽን እናይበት የነበረው ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት የሕክምና ማዕከል ሆነ። የቆዳ ሐኪሙ፣ የአእምሮ ሐኪሙ፣ ገና የተመረቀው ጂፒ፣ ከሦስት አራት ሆስፒታል የተውጣጡ ነርሶች በአንድ ሌሊት አንድ ቡድን ሆኑ። አብረው ሠርተው አያውቁም። መድኃኒቱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ እንኳ እኩል አያውቁም። መመሪያውም በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር። ሰኔ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለሃይድሮክሲክሎሮኪን የሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰረዘ። በማግስቱ ሰኔ 9 ከእንግሊዝ የሪከቨሪ ጥናት ውጤት ተሰማ፦ ዴክሳሜታዞን በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን፣ ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ታማሚ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ጥቅሙ አልታየም። በሁለት ቀን ውስጥ አንዱ መድኃኒት ወጣ፣ ሌላው ገባ። ይሄን ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጎግሉ ጉም ለብሶበት፣ ድርብ ጓንት አጥልቆ የሚሠራ ሰው ባይሳሳት ነው የሚገርመው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር አጥተን ነበር፤ አስታማሚውን። በአገራችን ሆስፒታል አስታማሚ ማለት ሾርባ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው እሱ ነው። «ሲስተር፣ የትናንቱ ክኒን ነጭ ነበር፣ ይሄ ለምን ቢጫ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው። «እናቴ ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚለው እሱ ነው። በየትኛውም የሥራ መመሪያ ላይ አልተጻፈም እንጂ የመጨረሻው የደኅንነት ጠባቂያችን አስታማሚው ነበር። በኮቪድ ዋርድ አስታማሚ አይገባም። ታማሚው በጭምብል ስር፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ለራሱ መናገር አይችልም። በአንድ ዋርድ ሁለት ከበደ ተኝተው «ይሄኛው ከበደ አይደለም» የሚል ሰው ጠፋ።

ሌሎችም የእኛው የሆኑ ወጥመዶች ነበሩ። መጠን የምንናገረው በእንግሊዝኛ ነው። በሁለት ጭምብልና በመስታወት በኩል «ፊፍቲን» የተባለው «ፊፍቲ» ሆኖ ይሰማል። ሰዓት የምንጽፈው አንዳንዶቻችን በአገራችን አቆጣጠር፣ አንዳንዶቻችን በፈረንጆቹ ነው። «8 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ለአንዷ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ለሌላዋ ከምሳ በኋላ ነው። ቻርቱ ከቀይ ክልሉ ስለማይወጣ ኦርደር በስልክ ፎቶ ይተላለፍ ነበር፤ ፎቶው ሲደበዝዝ ነጥብ ይጠፋል። እነዚህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሰው ሰነፍ ስለሆነ የተፈጠሩ አለመሆናቸውን እንድታዩልኝ ነው።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ የምሠራው በአንድ የሕክምና ማዕከል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ቤት ገበና አይደለም።

ሄፓሪን ታውቃላችሁ። በኮቪድ ደም ስለሚረጋ አጠቃቀማችን በጣም ጨምሮ ነበር። ለብዙ ወራት ይመጣልን የነበረው 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቫያል ሆኖ በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 ዩኒት ያለው ነው። አንዱን ቫያል ሙሉውን ከሳባችሁ 5,000 ዩኒት ነው። እጅ ለመደው። ከዚያ አቅርቦት አጠረና ሌላ ገባ። እሱም 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቁመቱ ያው፣ የክዳኑ ቀለም የተቀራረበ፣ ጽሑፉ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ። ነገር ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 5,000 ዩኒት ነው። ሙሉው 25,000 ማለት ነው። አምስት እጥፍ።

አንድ ሌሊት፣ ሳንባው ውስጥ ደም ረግቷል ተብሎ ለተጠረጠረ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ሄፓሪን 5,000 ዩኒት ታዘዘ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተሰጠው። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተረኛ ሆኜ ስገባ ያደረችው ነርስ የጠበቀችኝ ባዶ ቫያል በእጇ ይዛ ነበር። «ዶክተር፣ ይቺን ይዩልኝ። ሌሊት የሰጠሁት ይሄን መሰለኝ» አለችኝ። ማንም አልጠየቃትም። ባዶውን ቫያል ከቆሻሻው ጋር ብትጥለው ማንም አያውቅም ነበር። ራሷ አይታ፣ ራሷ ተጠራጥራ፣ ራሷ ተናገረች።

ታማሚው ከአፍንጫው መድማት ጀምሮ ነበር፤ ሽንቱም ቀልቷል። ሲስተሯ ስለተናገረች ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅን። ባትናገር ኖሮ ቫይረሱ ያመጣው የደም መዛባት ነው ብለን ሌላ ሌላውን ስንፈልግ እንውል ነበር። ማርከሻውን ፕሮታሚን ከሌላ ቦታ አስመጣን፣ ደም ሰጠን፣ መድማቱ ቆመ። ታማሚው በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ሳንባው ቀድሞም ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። የገደለው በሽታው ይሁን ያ የደም መፍሰስ አቅሙን ጨርሶት፣ መለየት የሚችል ሐኪም አልነበረም። በወረርሽኝ ጊዜ አንዱ ክፉ ነገር ይሄ ነው። በሽታው ሁሉን የሚሸፍን ጋቢ ይሆናል፤ ሌላው ስህተት ሁሉ ከሱ ስር ይተኛል።

ሪፖርት ጻፍኩ። ስለ ቫያሉ፣ ስለ መደርደሪያው፣ ስለ መብራቱ፣ ሌሊት ሁለተኛ ሰው አጠገቧ ስላለመኖሩ። ከኃላፊዎቹ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማን ነው የሰጠው?»

በሦስተኛው ቀን ነርሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፣ ከደመወዟም ተቀጣች። ፋይሉ ተዘጋ። ሁለቱ ዓይነት ቫያሎች ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ጎን ለጎን እንደቆሙ ነበሩ።

ከሳምንት በኋላ ሻይ ቤት ውስጥ ከሌላ ዋርድ የመጣች አንጋፋ ነርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያን ቫያል እኔም አግኝቼው ነበር እኮ» አለችኝ። ከዚያች ሌሊት 11 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሲሪንጁ ውስጥ ከሳበችው በኋላ ጽሑፉን አይታ፣ ደፍታ፣ እንደገና ሠርታ ሰጥታለች። አጠገቧ ላለችው ልጅ «ተጠንቀቂ» ብላታለች። በቃ። «ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተርዬ፣ ምን ብዬ? ‹ልሳሳት ነበር› ብዬ? እዚህ ቤት ‹ልሳሳት ነበር› ያለችውም ‹ተሳሳትኩ› ያለችውም እኩል ነው የሚጠየቁት።»

በሁለቱ ዋርዶች መካከል ያለው ርቀት ከዚህ አዳራሽ መድረክ እስከ በሩ አይሞላም። ወሬው ግን 11 ቀን ሙሉ ያንን ርቀት መሻገር አልቻለም።

ይሄ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 አንድ የአሜሪካ የመንገደኞች አውሮፕላን ዋሽንግተን አቅራቢያ ለማረፍ ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች አለቁ። ሲመረመር፣ ከስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች እዚያው ቦታ ላይ በዚያው አሻሚ መመሪያ ተሳስተው ለጥቂት እንደተረፉ ታወቀ። ያ አየር መንገድ የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቆ ነበር፤ ጎረቤቱ ግን አልሰማም። አሜሪካኖቹ ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 አብራሪዎች ያለ ፍርሃት የሚናገሩበት የሪፖርት ሥርዓት አቋቋሙ። ጥበቡ ያለው ተቀባዩን በመምረጣቸው ላይ ነው። ሪፖርቱን የሚቀበለው ፈቃድ የሚቀማው መሥሪያ ቤት ሳይሆን የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ ነው። የሚቀጣው ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ።

ወደ እኛው ልመለስ። ከቅጣቱ በፊት በዚያ ዋርድ መዝገብ ላይ በየሳምንቱ አንዳንድ ነገር ይጻፍ ነበር። ከቅጣቱ በኋላ ለሦስት ወር ያህል አንድ መስመር አልተጻፈበትም። በስብሰባ ላይም «በዚህ ሩብ ዓመት የተመዘገበ ክስተት የለም» ተብሎ እንደ ጥሩ ዜና ተነበበ።

እኛ የጎንደር ልጆች ነን፤ ይሄ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ነው። ስለዚህ ዜሮ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። በፖሊዮ ቅኝት ሥራ የተሰማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ፖሊዮ ባይኖርም እንኳ ከ15 ዓመት በታች ካሉ 100,000 ልጆች በዓመት ቢያንስ አንድ ድንገተኛ የእግር መዛል ሪፖርት መምጣት አለበት። ዜሮ የላከ ወረዳ አይሸለምም። መኪና ይላክለታል፤ «ምን ሆናችሁ ነው የማታዩት?» ተብሎ ይጠየቃል። ለልጆች እግር ይሄን ያህል ብልህ ከሆንን፣ በዋርዳችን የመድኃኒት መዝገብ ላይ ዜሮ ስናይ ለምን እናጨበጭባለን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለን ታማሚውን የምንመክረው እኛው አይደለንም?

ከቀብሩ በኋላ የሟቹ የበኩር ልጅ ወደ ማዕከሉ መጣ። ከአንድ ኃላፊ ጋር ሆነን ተቀበልነው፤ የሆነውንም ሳንሸፍን ነገርነው። አላለቀሰም፣ አልጮኸም። ዝም ብሎ ሰማና አንድ ነገር ጠየቀ፦ «ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ምን አደረጋችሁ?» ኃላፊው «ባለሙያዋ ላይ እርምጃ ተወስዷል» ብለው መለሱለት። ልጁ «እሱን አልጠየቅኩም» አለ።

እውነት ነው፣ አልጠየቀም። በማግስቱ ፋርማሲስቱ ሁለቱን ቫያሎች ለየ። ከፍተኛውን መጠን በሌላ ካቢኔ ቆለፈበት፣ ቀይ ወረቀት ለጠፈበት። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ያ ግማሽ ቀን እስኪመጣ አንድ ወር አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተቀየረው ነገር ከላይ በደብዳቤ የመጣ አይደለም። ፋርማሲስቱና አንዲት የዋርድ ኃላፊ ነርስ አንድ ተራ ደብተር ገዝተው ከቀይ ክልሉ ውጭ፣ ሻይ የምንጠጣበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ስም አይጻፍበትም። በየተረኛ ቅብብሉም አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ «ዛሬ ለጥቂት የተረፍንበት ምን ነበር?» የመጀመሪያው ሳምንት ዝምታ ነበር። ሁሉም ጫማውን ያያል። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊዋ ነርስ ራሷ ጀመረች፤ «እኔ ትናንት የ6 ቁጥሩን ግሉኮስ ለ9 ቁጥሩ ልሰቅል ነበር፤ ሁለቱም ከበደ ናቸው» አለች። የክፍሉ ሁሉ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ደብተሩ መናገር ጀመረ።

ምን ምን ወጣ መሰላችሁ? ፖታሲየም ክሎራይድ ከመበረዣው ውሃ አጠገብ በአንድ ካርቶን ተቀምጧል። ዴክሳሜታዞን 10 ቀን ካለፈው በኋላም ማንም ስላላቆመው ቀጥሏል። ሌሊት ኦክስጅን ሲሊንደር ሲቀየር ባዶው ከሙሉው ጋር ተቀላቅሎ ቆሟል። ፓራሲታሞል በስሙ አንድ ጊዜ፣ በንግድ ስሙ ሌላ ጊዜ ታዞ ለአንድ ሰው በእጥፍ እየተሰጠ ነው። እያንዳንዱ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ክር፣ በአንድ መስመር ቀለም የሚስተካከል ነው። ለሁለቱ ከበደዎች የአባትና የአያት ስም በክንዳቸው ላይ ተጻፈ። «ፊፍቲን» ያለ ሐኪም «አንድ፣ አምስት» ብሎ በአማርኛ እንዲደግም፣ ነርሷም መልሳ እንድታነብለት ተደረገ። ሰዓት ሁሉ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ተብሎ ይጻፍ ተባለ። አንድም ዶላር አልወጣም።

ክትባቱ ሲመጣ ይሄ ልማድ ጠቀመን። መጀመሪያ በ2013 ዓ.ም. አስትራዜኒካ፣ ከዚያ ሲኖፋርም፣ ጆንሰንና ፋይዘር ተከታትለው ገቡ። አስትራዜኒካው ሳይበረዝ የሚሰጥ ነው፤ ያን ጊዜ የነበረው የፋይዘር ቫያል ግን በ1.8 ሚሊ ሊትር ሳላይን ተበርዞ ስድስት ሰው ይከተብበታል። አንዱን የለመደ እጅ ሌላውን እንዴት እንደሚሳሳት ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። በጀርመን ሽትራልዙንድ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 27 ቀን 2020፣ ክትባቱ በተጀመረበት ቀን፣ ስምንት የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኞች አምስት እጥፍ መጠን ተወጉ። በማግስቱ አስተዳደሩ ለሕዝብ ተናገረ። በዚያው ሳምንት በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ 42 ሰዎች በክትባት ፈንታ ሌላ መድኃኒት፣ የፀረ አካል ሕክምና ተሰጣቸው፤ እሱም ወዲያው ተነገረ። እኛ እዚህ ሆነን ያንን ዜና ስልካችን ላይ አነበብን፤ ሥልጠና ላይም አነሳነው። በጀርመን የተነገረ ስህተት የአዲስ አበባን ክንድ ሊያድን ይችላል ማለት ነው። ያልተነገረው ግን የጎረቤት ዋርድንም አያድን።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉት ይሰማኛል። «ታዲያ ማንም አይጠየቅ ልትይ ነው?» አይደለም። ሰክሮ ተረኛ የገባ ይጠየቅ። እያወቀ መመሪያ የጣሰ፣ ቻርት የሰረዘ፣ ስህተቱን የደበቀ ይጠየቅ። ከሰው ልጅ ዓይንና ድካም የመጣ ስህተትን ግን በቅጣት አታስተካክሉትም፤ ታስደብቁታላችሁ እንጂ። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቀላል ጥያቄ አለች፦ ሌላ ጥሩ ባለሙያ በዚያች ሌሊት፣ በዚያ መብራት፣ በዚያ መደርደሪያ ፊት ቢቆም ሊሳሳት ይችል ነበር ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ መታከም ያለበት መደርደሪያው ነው። በእኛ ታሪክማ አንጋፋዋ ነርስ ከ11 ቀን በፊት መልሱን ሰጥታ ነበር።

«ሥራ በዝቶ ማን ይጽፋል?» የሚልም አለ። በወረርሽኝ ጊዜ ሪፖርት ቅንጦት ይመስላል። እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። ቡድኑ አዲስ፣ መድኃኒቱ አዲስ፣ አቅራቢው አዲስ ሲሆን ነው ወጥመዱ በየቀኑ የሚቀየረው። ካርታ የሚያስፈልገው በማያውቁት አገር ነው።

አገራዊ መንገድም አለን። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ውስጥ አባል ናት። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢጫው ቅጽ የጎንዮሽ ጉዳትን ብቻ ሳይሆን የአጠቃቀም ስህተትንና የጥራት ጉድለትንም ይቀበላል። በነፃ የስልክ መስመር 8482ም መደወል ይቻላል። ስንቶቻችን ነን ያንን ቅጽ ሞልተን የምናውቅ? ብዙ ሐኪም ቢጫው ቅጽ የፋርማሲስት ሥራ ይመስለዋል። አይደለም፤ የሁላችንም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት «ጉዳት የሌለው መድኃኒት» ብሎ ዘመቻ ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ መስከረም 7 አካባቢም የሕሙማን ደኅንነት ቀን ይከበራል። ባነር እንሰቅላለን፣ ቲሸርት እንለብሳለን። ባነሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት ቫያል ይዛ የጠበቀችኝን ልጅ ባነር አልጠበቃትም።

እሷ ዛሬ ነርስ አይደለችም። ሙያውን ትታ ሌላ ሥራ ይዛለች። አንድ እውነተኛ ባለሙያ አጥተናል፤ ያጣናት ስለተሳሳተች ሳይሆን ስለተናገረች ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይሄን ሁሉ ለምን በዚህ በዓል ላይ አመጣሁት? ምክንያቱም እኛ ኢንተርን አይደለንም። ከተመረቅን ይኸው 18 ዓመት ሆነን። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሜዲካል ዳይሬክተር አለ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊ አለ፣ የክሊኒክ ባለቤት አለ፣ ሬዚደንት የምታስተምር አለች። በፊት ሪፖርት አድራጊዎች ነበርን፤ ዛሬ ሪፖርት ተቀባዮች ነን። ሌሊት ተንቀጥቅጣ ቫያል ይዛ የምትመጣው ልጅ የምትመጣው ወደ እናንተ ነው። እናንተ በመጀመሪያዋ ደቂቃ የምትሉት ቃል የዚያን ቤት አንደበት ይከፍታል ወይም ለዓመታት ይዘጋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ማን ነው?» መሆኑ ይቅር። «ታማሚው እንዴት ነው?» እንበል፤ ቀጥለን «እንዴት ሆነ?» ቀጥለን «ሌላ የት አለ?» የሚናገረውንም ሰው «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» እንበለው። ይሉኝታ ስለሚይዘን ከባድ ነው፤ ግን ይለመዳል።

ሁለተኛ፣ በሞርኒንግ ላይ አምስት ደቂቃ። የሞተ ኬዝ ብቻ አናቅርብ፤ ለጥቂት የተረፍንበትንም እናቅርብ። ትልቁ ሰው ይጀምር። ፕሮፌሰሩ ሲጀምር ኢንተርኑ ይቀጥላል።

ሦስተኛ፣ ለተጻፈው ሁሉ መልስ ይሰጥ። ደብተሩ ላይ ከተጻፈ በሳምንቱ «ይሄ ተስተካክሏል» ወይም «ይሄ ያልተስተካከለው በዚህ ምክንያት ነው» ተብሎ ከስሩ ይጻፍ። መልስ የሌለው ሪፖርት ደጋግሞ አይመጣም። ለተጎዳው ቤተሰብም እውነቱ ይነገረው፤ የሚጠይቀን በቀል ላይሆን ይችላል።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከባሕረ ሰላጤው የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ለሆስፒታሎቻችን ሞኒተርና አልጋ ልካችሁልናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። በሚቀጥለው ጊዜ የሥራ ልምዳችሁንም ጨምሩበት። እናንተ ቤት ስህተት ሲነገር ማን ይቀበላል፣ ማን ይመልሳል፣ ተናጋሪው እንዴት ይጠበቃል? በበይነ መረብ አንድ ሰዓት ብታስተምሩን ለጉምሩክ የማይከፈልበት ዕቃ ነው።

ደግሞም ይሄ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በቲም ትሬኒንግ ጊዜ ቆላ ድባና ዳባት የወረድን ሁሉ እናስታውሳለን። የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የላብራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው ተማሪ በአንድ ቤት እያደርን፣ በተራ ሽሮ እየሠራን፣ ማታ ማታ «ዛሬ ምን አበላሸን?» እየተባባልን ስንስቅ እናመሽ ነበር። ማንም ማንንም አይፈራም ነበር። ዶክተርነቱና ሲስተርነቱ ከመጣ በኋላ ነው ያንን ምሽት የረሳነው። ትምህርት ቤታችን ከሰጠን ትምህርት ሁሉ በዕድሜዬ ሙሉ የሚያስፈልገኝ እሱ ሆኖ አገኘሁት።

የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግረንም። መምጣቱ ግን አይቀርም፤ ሲመጣም አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ቫያል፣ አዲስ ቡድን ይዞ ነው። የምንናገርበትን ቤት ያን ጊዜ እንሠራዋለን ብንል አይደርስም። ሰኞ ወደ ሥራ ስትመለሱ ደብተሩን ግዙ።